በጽሕፈት መኪና የተወለዱ ሰባት የጎራዴ ስልቶች

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ነገሌ ላይ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጥቂት ፍየሎችና አንዲት ክፉ በቅሎ ይዤ በሰላም ተቀምጬ ነበር። የሥራ ዘመኔን ታሪክ የመጻፍ ሐሳብ በፍጹም አልነበረኝም። ብዕር ያነሳሁት ተናድጄ ነው፤ ንዴቱ እስኪበርድልኝ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ ሊበርድልኝ አልቻለም።

ያናደደኝ የትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህር ይዞት የመጣው ወረቀት ነው። መምህሩ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ በእሱ አልፈርድም። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩቶ ገባና የታጠፈ ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ሻምበል ባሻ፣ እርስዎ ጎራዴ ያስተምሩ ነበር ሲባል ሰማሁ። ይኸ የአባቶቻችን የጎራዴ ጥበብ ነው። ከአንድ አሮጌ መዝገብ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ተማሪዎቹ ለበዓል እንዲያሳዩት አስቤ ነበር፤ እስኪ የተሳሳተ ካለ ያርሙልኝ» አለ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። የአንበሳ ዝላይ። የነብር ዙሪት። የዘንዶ ጥምጥም። የንስር ክንፍ። የጎሽ ግፊት። የመብረቅ ጅራፍ። የጭልፊት ንጥቂያ። ከሥሩ ደግሞ «ከጥንት ጀምሮ ከጀግኖች አባቶቻችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ይላል።

ደሜ ፈላ። ከጥንት! እነዚህ ሰባት ስልቶች የተወለዱት እዚሁ ነገሌ፣ አንድ ሻምበል ቢሮ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ በጽሕፈት መኪና ነው። ሲወለዱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነበር። ያቺ መኪና «ሰ» ስትመታ ፊደሏን ከመስመር በላይ ታስቀምጠው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለው «ሰ» ሁሉ እንደዚያው ዘሎ ተቀምጧል።

ይህንኑ ለመምህሩ ነገርኩት። ፊቱ ወረደ። «እሺ፣ እውነተኛው ስልትስ ስሙ ማን ይባላል?» አለኝ። ስም የለውም ስለው የባሰ አዘነ። ልጁ ምን ያድርግ፤ ስም የሌለውን ነገር በምን ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል? አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራሁለት። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ መጨረሻ ላይ ያለውን ግን እሱም አልሰማውም።

ጣሊያን ከአገር በወጣ በአራተኛው ዓመት በወታደርነት ተቀጥሬ ያቤሎ ስደርስ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የክፍሉን ስም አልጠቅስም፤ ብዙ ጨዋ ሰዎች የሠሩበት ነው። ደሞዙ ለጫማና ለስኳር ይበቃ ነበር። ጠመንጃው ጥቂት ስለነበር ሳንጃ፣ ጎራዴና ዱላ እንደ ዋና ሥራ ነበር የምንማረው። ያስተማሩን ሻምበል ባሻ ጥላዬ ናቸው።

ባሻ ጥላዬ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲያዩዋቸው ደብተራ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። አምስቱን የጠላት ዓመት በጫካ ነው የኖሩት። ስንት ሰው ገደሉ ብሎ የጠየቃቸውን ምልምል ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያስቀዱት ይውላሉ። ጠዋት ልምምድ ሳይጀመር ጫማቸውን አውልቀው ሜዳውን በባዶ እግራቸው ይዞሩታል፤ ጠጠሩን፣ እሾሁን፣ አፈሩ የሚላላበትን ቦታ በእግራቸው ያጠኑታል። ከዚያ «ፀሐይዋ የት ናት?» ይላሉ። ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው የቆመ ምልምል ካገኙ «አንተ ሞተሃል፣ ውጣ» ብለው ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። እኔ የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ ስሞት ነው የከረምኩት።

ግራ እጃችንን ሦስት ወር ሙሉ በሲባጎ ከቀበቷችን ጋር አስረውት ነበር። ጋሻ ካልያዘ የግራ እጅ ቦታው ቀበቶ ነው፤ ወይም ጋቢ ተጠቅልሎበት ደረት ላይ ይሆናል። «ቀኝህ ጎራዴ አለው። ግራህ ምን አለው? ጣት ብቻ! ጣት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም» ይሉ ነበር። ጎራዴን ከጎራዴ ጋር ያጋጨ ሰው ደግሞ ስለቱን ድንጋይ ላይ ሲስል ይውላል። ስለት ከስለት ከተጋጨ ይሸረፋል፤ በተሸረፈ ጎራዴ ሰው ፊት አይቆምም። የሚመጣውን ጋሻ ይቀበለዋል፤ ጋሻ ከሌለ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ትላለህ። ዓይንህ ጎራዴውን አይከተልም፣ የባላጋራህን ትከሻና የፊት እግሩን ነው የሚያየው። ሊመታህ ያሰበ ሰው አስቀድሞ በእግሩ ይናገራል።

እሳቸው የሚያውቁት ብቻ በቂ ነው ብለው አይኮሩም ነበር። ከብት ወደሚጠጣበት ጉድጓድ ይወስዱንና የቦረና እረኞች ዱላ ሲይዙ ቁጭ ብላችሁ እዩ ይሉናል። እረኛው ዱላውን አያወናጭፍም። አጋማሹ ላይ ይይዘውና የሚጋፋውን በሬ በጫፉ ገፋ፣ በጎኑ መለስ ያደርገዋል፤ እግሩ ግን ከበሬው ቀድሞ ቦታ ይቀይራል። «እጁን ተዉት፣ እግሩን እዩ» ይሉናል። ፊልቱ ስንዛወር ደግሞ የግመል ነጋዴዎች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን አጭር ጩቤ አሳዩን። ባለጩቤው አንዴ ከክንድህ ውስጥ ከገባ ረጅሙ ጎራዴህ ሸክም ነው፤ ስለዚህ ርቀትህን እንደ ምሽትህ ጠብቅ አሉን። ሃያ ዓመት ከዚህ የበለጠ ነገር አልተማርኩም፣ አላስተማርኩምም።

ባሻ ጥላዬ ነገሌ ላይ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ያኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሻምበሉ መጣ። ስሙን የማልጽፈው አሁን ትልቅ ሰው ስለሆነ ፈርቼው አይደለም፤ ራሱ እንዲናገረው ስለምፈልግ ነው።

ሻምበሉ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ሥራ ይወድ ነበር። የእሱ ጣጣ ሲኒማ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት የእህል መጋዘኑን መስኮቶች በብርድ ልብስ አሸፍኖ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅሎ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ፊልም አሳየን። አንድ ጎራዴ የያዘ ሰው አሥራ ሁለቱን ብቻውን ይፈጃል። ወታደሩ በጩኸት መጋዘኑን አናጋው። ባሻ ጥላዬን አክብሬ ጋብዤያቸው ነበርና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እነዚያ አሥራ አንዱ ምን ሊገዙ ነው የተሰለፉት?» አሉኝ። ሳቄን መዋጥ አቅቶኝ በሳል አስመስዬ ወጣሁ።

በሳቅ ያለፍኩት ነገር አሁን ነው የሚያንገበግበኝ። ፊልሙ ላይ ያለው ሰው ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ጀርባውን ይሰጣል፤ ጀርባውን የሰጠ ሰው ደግሞ ዓይኑ ፀሐይ ላይ ከሆነ ሰው በፊት ይሞታል። ይዘልላል፤ አየር ላይ ያለ ሰው ሐሳቡን መቀየር አይችልም፣ የት እንደሚያርፍ ባላጋራው ከእሱ በፊት ያውቀዋል። ጎራዴ ከጎራዴ ጋር ሲያፋጭ ሩብ ሰዓት ይቆያል። እውነተኛው ጠብ አንድ ትንፋሽ ነው። ትንፋሹን ያስገባ ሁሉ አያስወጣውም። ፊልም ሠሪው ተመልካች እንዳይሰለቸው ያስረዝመዋል፤ ሥራው ነውና ይሥራ። ትልቅ ሰው፣ መኮንን፣ ያንን አይቶ ለወታደር ትእዛዝ ሲያደርገው ግን ምን ይባላል?

ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ሻምበሉ ቢሮው ጠራኝ። ጸሐፊው መኪናዋ ፊት ተቀምጧል፤ ሻምበሉ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ስም ያወጣል።

«የጎሽ... የጎሽ ምን እንበለው? ግፊት! ጻፍ። ሰባተኛው የጭልፊት ንጥቂያ ይባል።»

«ጌታዬ፣ ይኸ የማን ስልት ነው?» አልኩት።

«የአባቶቻችን ነዋ! እንግዳው ፊት ከሲኒማ ቀዳነው ልትል ነው?»

የጭልፊት ንጥቂያ የሚባለው እንዲህ ነው። አንዱ በጉልበት ከፍታ ጎራዴ ይሰነዝራል። ሁለተኛው ከስንዘራው በላይ ይዘልላል፤ አየር ላይ እንዳለ ባዶ ግራ እጁን ዘርግቶ የሰንዛሪውን የእጅ አንጓ ይይዛል። ባዶ ግራ እጅ! ሦስት ወር በሲባጎ የታሰረው ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ። «ጌታዬ፣ ግራ እጁ ባዶውን ጎራዴ ፊት ይገባል» አልኩ። «ለዚያ ነው የሚያምረው» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። የሻምበል ባሻነት ማዕረጌ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ዝም ያልኩት ለእሱ ስል ነው።

ሰንዛሪው እኔ ሆንኩ። ዘላዩ ጉዮ ሆነ።

ጉዮ የአሬሮ ልጅ ነው። ሲቀጠር ዱላ እንጂ ጎራዴ አያውቅም ነበር፤ እግሩ ግን የተለየ ነው። አምስት ምልምል አሰልፌ በዱላ ሳሳድዳቸው አራቱን እነካለሁ፣ ጉዮን አልነካም። ስትሰነዝር ሳይቸኩል ወደ ጎን ይላል፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ «ባሻ ኮ፣ ደግሞ ይሞክሩ» ይላል። ገና ሃምሳ አለቃ ሳለሁ ባሻ ኮ ይለኝ ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ «የእኔ ባሻ» ማለት ነው። ባሻ ጥላዬ አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩት ዋሉና «ይኸን ልጅ አታበላሸው» ብለውኝ ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ከእንጨት በተጠረበ ጎራዴ ተለማመድን። በቁጥር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲባል እኔ እሰነዝራለሁ፣ እሱ ይዘልላል። ጉዮ አንድም ጊዜ አልሳተም። እንጨቱ ቀላል ስለሆነ እሱ እጁን ሲዘረጋ ጎራዴው አልፎ የእኔ አንጓ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ እሱም ያዝ ያደርገዋል። ዋዜማው ላይ ሻምበሉ መጥቶ አየና «እንጨት አያብረቀርቅም። ነገ በብረቱ ነው። ስለት ይውጣለት፣ ፀሐይ ላይ ይታይ» ብሎ አዘዘ። ስለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክብደቱን በእጄ ስመዝነው ልቤ ደነገጠ፤ በእሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተለማመድንም። ያኔ ሄጄ አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

በማግስቱ ስድስቱ ስልቶች በጭብጨባ አለፉ። ሰባተኛው ላይ ሦስት ሲባል ሰነዘርኩ። ብረት እንደ እንጨት አይነሳም፤ መጀመሪያ ይጎትትሃል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ልመልስህ ብትለው አይመለስም። ጉዮ ልክ ሦስት ላይ ዘለለ። እጁን ልክ በተለማመድነው ቦታ ዘረጋ። የእኔ አንጓ ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ስለቱ ነው።

ሦስት ጣት አቧራው ላይ ወደቀ። እንግዳው የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ሻምበሉም አብሮ አጨበጨበ። ያንን ጭብጨባ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ያቺው መኪና ሌላ ወረቀት ጻፈች። «ወታደሩ በተሰጠው ቁጥር ባለመዝለሉና እግሩ በመዘግየቱ በራሱ ጥፋት ጉዳት ደርሶበታል» ይላል። እንደ አስተማሪነቴ እንድፈርም ተሰጠኝ።

«ጌታዬ፣ የዘገየው ጎራዴዬ ነው። ከብዶኝ ነው» አልኩት።

«ሃያ ዓመት ጎራዴ ይዘህ ጎራዴ ከበደኝ ብለህ ልትጽፍ ነው?» አለኝ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። አፈርኩ። በዚያች ዕፍረት ፈረምኩ። የማዕረጌም ወረቀት በዚያው ሳምንት ተፈረመ። ጉዮ ቁስሉ ሳይደርቅ ከሥራ ተሰናበተ፤ እግሩ እንደዘገየ በአስተርጓሚ ተነገረው፤ እኔ ያልኩት መሆኑም ተነገረው።

የበለጠ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የጉዮ አጎትና ሁለት ሽማግሌዎች ከአሬሮ መጥተው ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት ግራር ሥር ተቀመጡ። ሻምበሉ ካሳ ሊጠይቁ ነው አለና ስኳርና ሻይ ቅጠል ላከላቸው። መለሱት። ገንዘብ ላከ። መለሱት። ምንም አይጠይቁም፣ አይጮኹም፤ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሩን ያያሉ። እኔ ከመሣሪያ ግምጃ ቤቱ መስኮት ሦስት ቀን አየኋቸው። በደቡብ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁና ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። በእነሱ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው ራሱ ይመጣና ፊታቸው ቆሞ «እኔ ነኝ፣ እንዲህ አድርጌ ነው» ይላል። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በአራተኛው ቀን ግራሩ ሥር ማንም አልነበረም።

ባሻ ጥላዬ ሰምተው ቤቴ መጡ። አልተቀመጡም።

«ብረቱ ከብዶህ ነበር?»

«አዎ፣ ባሻ።»

«ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም።»

ወጥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። በሦስተኛው ዓመት ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ነው የቆምኩት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አስተማርኩ። የሰባቱ ስልቶች ወረቀት ግን በየመዝገቡ እየተገለበጠ ኖረ፤ ሻምበሉም በእሱ ተመስግኖ ወደ ላይ ወጣ። እኔ የነበርኩበት ውሸት ሽበት አውጥቶ የአባቶቻችን ጥበብ ተብሎ ተመልሶ ቤቴ ድረስ መጣ። ለመምህሩ ይህን ሁሉ ስነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ጉዮ አሁን የት ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «አልጠየቁም?» አለኝ። በልጅ አፍ እንዲህ መጠየቅ ከባድ ነው። ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ፤ ለማገዶም አልሆነኝ፣ ቀድጄ ጣልኩት።

በሳምንቱ ከብት በሚጭን መኪና ላይ ተሳፍሬ አሬሮ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ጉዮን ፍለጋ አልደከምኩም፤ የከብት ደላላ ሆኖ ሁሉም ያውቀዋል። አቧራው መሐል ቆሞ ሁለት ሰዎችን ያስማማል። ጎልማሳ ሆኗል። ግራ እጁን ሽርጡ ውስጥ ሸጉጦታል።

አየኝና ወዲያው አወቀኝ። «ባሻ ኮ! አካም?» ብሎ ሰላም አለኝ።

«ናጋ» አልኩት። ሰላም ነው ማለቴ ነበር።

«ከነገሌ እዚህ ድረስ፣ በዚህ ዕድሜ! አንቱ ከብት ሊገዙ ነው?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ጥሩ በሬ አገኛለሁ ለአንቱ።»

«ከብት አይደለም፣ ጉዮ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት። ቁጥሩ ላይ ነው የዘለልከው። እጅህንም በትክክሉ ቦታ ነው የዘረጋኸው። ጎራዴው ከብዶኝ ዘገየ። ወረቀቱ ውሸት ነበር፣ እኔም እያወቅሁ ፈረምኩበት።»

ሳቁ ጠፋ። የሚያስማማቸው ሰዎች አንድ ነገር ሲሉት እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው።

«እግሬ አልዘገየም?»

«አልዘገየም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም፣ ልጄ።»

ሲናገር ድምፁ ወፍሮ ነበር። «እኔ እኮ አመንኩ። ባሻ ካለ እውነት ነው አልኩ። ከብት ሲደነግጥ ሰው ሁሉ ሮጦ ይመልሳል፣ እኔ እቆማለሁ፤ የእኔ እግር ይዘገያል ብዬ። ልጆቼ አባታችን እጁ ምን ሆነ ሲሉ እግሬ ሰነፍ ነው አልኳቸው። ስንት ዓመት እግሬን ጠላሁ፣ ባሻ! አንቱ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቢመታኝ ደስ ባለኝ። አልመታኝም፤ ባሻ ኮም ብሎ ግን አልጠራኝም። «ና» አለኝ፤ አንቱታውን ትቶ። ተከተልኩት። ከገበያው ዳር ጥላ ሥር ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ አጎቱ ናቸው። ጉዮ በኦሮምኛ ማን እንደሆንኩ ነገራቸውና ወደ እኔ ዞሮ «ቁምና ለእሳቸው በል» አለኝ።

ቆሜ በኦሮምኛ ተናገርኩ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ እየተንተባተብኩ፣ እኔ ነኝ፣ ጎራዴዬ ዘግይቶ ነው፣ የልጁ እግር አልዘገየም፣ ዋሽቼ ፈርሜአለሁ አልኩ። ሽማግሌው ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ገበያተኛው እየተሰበሰበ ነበርና ጮክ ብለህ በል አሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ጉዮ እያለቀሰ ነበር፤ ግራ እጁን ከሽርጡ አውጥቶ በእሱ ነበር ዓይኑን የሚጠርገው።

አጎቱ እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ ዳሰሱ፣ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ተቀመጥኩ። ከወዲያኛው ጎናቸው ሌላ ድንጋይ አለ፤ እሱንም ዳሰሱትና በኦሮምኛ ጠየቁኝ፦

«ሰውዬው፣ አለቃህ፣ እሱስ መቼ ነው የሚመጣው?»

የምጽፈው ለዚህ ነው። ጌታዬ፣ የት እንዳለህ አውቃለሁ፤ ይህም እጅህ ይገባል። ከነገሌ ወደ አሬሮ በገበያ ቀን የከብት መኪና አለ፣ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጥሃል። ሽማግሌው አርጅተዋል። ቶሎ ሂድ።